አህያውን ፈርተው ዳውላውን! አባ ጅፋርን ማን ያሠልጥነው?

(ጅማ መርካቶ ውስጥ የከተማው እግር ኳስ ወዳጆች ስለ ክለባቸው መጪ አሠልጣኝ ባደረጉት ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። የተናጋሪው ቃና እንዳይጠፋ ብዙም ሳንነካካ አትመነዋል።)

የተከበራችሁ የጅማ እግር ኳስ ቤተሰቦች፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ፣ ከሰቃ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንዲሁም በር ላይ ቆማችሁ «እሱ ደግሞ ምን ሊለን ነው?» የምትሉ ወንድሞቼ፤

እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «ለክለባችን የሚሆነው አሠልጣኝ ማን ነው?» የሚል ነው። መርካቶ ውስጥ ይህን ጥያቄ የማይመልስ ሰው አለ እንዴ? ሊስትሮው ይመልሳል። ቡና ጫኙ ይመልሳል። በርጫ ላይ የተቀመጠውማ ሦስት አሠልጣኝ ቀጥሮ ሁለቱን አባሮ ነው የሚነሳው! ሁሉም ሰው በኪሱ አንድ አንድ አሠልጣኝ ይዞ ይዞራል። እኔ ግን ዛሬ ስም ልጠራላችሁ አልመጣሁም። ስም መጥራት ቀላል ነው። የመጣሁት ስም ከመጠራቱ በፊት መጠየቅ ስላለበት ነገር ልናገር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ?

ከዋንጫ እስከ ቁልቁለት

እስቲ ወደ ኋላ መለስ እንበልና ያየነውን በቅደም ተከተል እናስታውስ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዋንጫውን ብቻ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ይቺ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ ጅማ አባ ቡና የሚባል ክለብ ነበራት። ባደገበት ዓመት ወረደ። አንድ ዓመት ብቻ! በዚያው ዓመት ደግሞ ጅማ ከተማ ከከፍተኛ ሊጉ አደገና ስሙን ለውጦ ጅማ አባ ጅፋር ተባለ። ስሙን የወሰደው እዚህ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ካለው፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ከገዙት ከዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። ስሙ ራሱ ሸክም ነው እኮ ጎበዝ! በንጉሥ ስም ተጠርቶ በየመንደሩ መሸነፍ ያሳፍራል።

ክለባችን አላሳፈረም። በ2010 ዓ.ም. ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በአሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እስከ መጨረሻው ቀን ተናንቆ በእኩል ነጥብ በጎል ልዩነት የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅ ላይ በአል አህሊ 2 ለ 0 ተሸንፈን ብንመጣም፣ አዲስ አበባ ላይ ያንን የአፍሪካ ቁንጮ 1 ለ 0 አሸንፈን ነው ከሻምፒዮንስ ሊጉ የወጣነው። ተሸንፎ ወጣ ይባላል እንጂ ተዋርዶ ወጣ የሚል የለም።

ከዚያስ? ገብረመድህን ዋንጫውን እዚህ አስቀምጦ ወደ መቐለ ሄደ። በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረገ። አንድ ሰው፣ ሁለት ከተማ፣ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ዋንጫ! እኛ ደግሞ ቁልቁለቱን ጀመርን። የተጫዋቾች የደመወዝ ጥያቄና ልምምድ የማቆም ወሬ በስፖርት ገጾች ላይ እየተደጋገመ ወጣ። በ2012 ዓ.ም. ሊጉ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ወራጅ ቀጠና ውስጥ ጨረስን፤ በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ክለቦች ባለመሳተፋቸው ሐዋሳ ላይ በተዘጋጀው የማሟያ ውድድር በስንት ምጥ ተረፍን። በ2014 ዓ.ም. ግን የሚያተርፈን አልተገኘም። ከሰበታ ከተማና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረድን።

ከ2010 እስከ 2014። አራት ዓመት! ከንጉሥነት እስከ ወራጅነት አራት ዓመት ብቻ ነው የፈጀው። በነዚህ ዓመታት መካከል ደግሞ አሠልጣኝ በአሠልጣኝ ላይ ተፈራረቀ። አንዱ ሲመጣ አጨበጨብን፣ ሲሄድ ሰደብን፣ ሌላው ሲመጣ ደግመን አጨበጨብን።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ

አሁን አንድ ሰው ተነስቶ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «ይኸው አንተው ራስህ ተናገርከው! ገብረመድህን ሲኖር ዋንጫ፣ ገብረመድህን ሲሄድ ውርደት። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አሠልጣኙ ነው፤ ጥሩ አሠልጣኝ አምጡና ገላግሉን።»

መልካም። ግማሹ እውነት ነው፤ አልክድም። በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለት ክለብ ዋንጫ ያነሳ ሰው ሥራ ያውቃል፤ አሠልጣኝ ዋጋ የለውም የሚል ካለ ኳስ አያውቅም። ግን ቀሪውን ግማሽ እንየው። አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ የአንድ ከተማ ክለብ አብሮት በሻንጣው ውስጥ የሚሄድ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ የነበረን ክለብ ነው ወይስ እንግዳ? ሰውየው ሲሄድ የልምምድ ዕቅዱ የት ቀረ? የተጫዋች አመላመሉ የት ቀረ? አጠገቡ ቆሞ የተማረ የጅማ ልጅ ማን ነው? ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? እኛ የጠየቅነው «ቀጣዩ ማን ነው?» ብቻ ነበር።

አገራችን ይህን በሽታ በብሔራዊ ቡድን ደረጃም ታውቀዋለች። ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አበቃን። ለዓለም ዋንጫ ለመድረስ ናይጄሪያ ብቻ ቀርታ ነበር። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2006 ተሰናበተ። ከዚያ ፖርቱጋላዊው ባሬቶ መጣ፤ ከዚያ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ከዚያ ራሱ ገብረመድህን ኃይሌ፣ ከዚያ አሸናፊ በቀለ፣ ከዚያ በ2010 ዓ.ም. አብርሃም መብራቱ። ቁጠሯቸው። በአራት ዓመት ውስጥ አምስት አሠልጣኝ! ከነዚህ ውስጥ ኳስ የማያውቅ የለም። ታዲያ ለምን አልጸናም? ቀጣሪው ምን እንደሚፈልግ ስለማያውቅ ነዋ! ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ደግሞ ያገኘው ሁሉ አይጥመውም።

ባስ ተር ዊል የተባለ የኔዘርላንድ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ያለውን የአገሩን አንደኛ ሊግ አጥንቶ ነበር። ያገኘው ነገር ለኛ ቦርዶች ቢተረጎም ደስ ይለኛል። ክለቦች በተከታታይ ሲሸነፉ አሠልጣኝ ያባርራሉ፤ ከዚያ ውጤቱ ትንሽ ይሻሻላል፤ «አያችሁ! ማባረራችን ልክ ነበር» ይላሉ። ነገር ግን ልክ እንደነሱ ተሸንፈው አሠልጣኛቸውን ያላባረሩትም ክለቦች በዚያው ልክ አገግመዋል። ውጤት ሲወርድ ወርዶ አይቀርም፤ ወደ ልኩ ይመለሳል። ዝናብ እንዲዘንብ በሬ አርዶ ሐምሌ ሲገባ «በሬዬ አዘነበው» እንደማለት ነው።

እንግዲህ አሠልጣኝ የማባረሩ ጥቅም ለማን ነው? ለቦርድ ነው። ደመወዝ ለምን ዘገየ? አሠልጣኙ። ተጫዋች ለምን ኮበለለ? አሠልጣኙ። በጀቱ የት ገባ? አሠልጣኙ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሰው ቢሮ ያለውን ባለሥልጣን መውቀስ ሲፈራ ሜዳ ዳር ቱታ ለብሶ የቆመውን ይሰድባል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ዳውላውን ብንደበድበው ምን ዋጋ አለው? አህያዋ እንደሆነ መንገዷን ስታለች።

የከተማ ክለብ ማለት የማን ክለብ ነው?

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። የኢትዮጵያ ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በመንግሥት በጀት ነው። የከተማ ክለብ ከከተማ አስተዳደር ካዝና ይበላል። ካዝናው የማን ነው? የግብር ከፋዩ። የኛ የመርካቶዎቹ። ታዲያ በአገራችን ልማድ ከንቲባ ሲቀየር ቦርድ ይቀየራል፤ ቦርድ ሲቀየር ሥራ አስኪያጅ ይቀየራል፤ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር አሠልጣኝ ይቀየራል። እግር ኳሱ የሹም ሽር ጭራ ሆኖ ቀረ። ቦርድ ላይ የሚቀመጠው ሰው ኳስ ማወቁ አይደለም የሚታየው፤ ወንበሩ ነው የሚታየው። ግምገማ ላይ ሲቀመጥ እንደነበረው ሁሉ ክለቡንም በግምገማ ሊያስተዳድር ይሞክራል። ከሐሙስ ስብሰባ ወጥቶ እሁድ ማን ተሰላፊ እንደሚሆን የሚናገር ሹም አላየንም? አይተናል!

ይኸውላችሁ፣ መዋጮ ሲጠየቅ መርካቶ ይታወሳል፤ ሒሳብ ሲጠየቅ መርካቶ ይረሳል። ቡና ነጋዴው አምጣ ሲባል ያመጣል። «ምን ላይ ዋለ?» ሲል ግን «አንተ ፀረ ልማት ነህ እንዴ?» ይባላል። ወገኖቼ፣ ጥያቄ መጠየቅ ጠላትነት አይደለም። ደረሰኝ መጠየቅ ንግድ ነው። እኛ ደግሞ ነጋዴዎች ነን።

ሌላም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በቴሌቪዥን እየተላለፈ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ሲጀምር፣ የኛም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አስተናግዶ ነበር፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን ክለቦች በየሜዳቸው፣ በየደጋፊያቸው ፊት መጫወታቸው ሲቀር የመግቢያ ገቢያቸውም ቀረ። ገቢው ሲቀር የአስተዳደሩ በጀት ላይ ያላቸው ጥገኝነት ባሰ። ጥገኛ የሆነ ክለብ ደግሞ አሠልጣኝ ሲመርጥ ለሜዳው የሚሆነውን ሳይሆን ለሹሙ የሚመቸውን ነው የሚመርጠው። ሥሩ እዚህ ነው።

እንደ ቡናችን ለምን አንቀምሰውም?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እንዴት እንምረጥ?

እኛ የጅማ ሰዎች መምረጥ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ከኛ በላይ መምረጥ የሚያውቅ ማን አለ? ቡና እንመርጣለን እኮ! ከጎማ የመጣ ጀንፈል፣ ከሊሙ የመጣ የታጠበ፣ ከማና የመጣ... አንድ ዓይነት ነው ብሎ የሚገዛ አለ? የለም። ምርት ገበያው ላይ ቡና እንዴት ደረጃ እንደሚወጣለት ታውቃላችሁ። ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው ላይ የባለቤቱ ስም አይጻፍም፤ የሚሰጠው ኮድ ነው። መጀመሪያ ጥሬው ይታያል፤ ነቀዝ የበላው፣ የጠቆረው፣ የተሰባበረው ይቆጠራል። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይጠመቃል፤ ቀማሹ በማንኪያ ፉት ብሎ ይተፋና ነጥብ ይሰጣል። ቀማሹ የባለ ሀብቱ ይሁን የደሃ ገበሬው፣ የዘመዱ ይሁን የባላንጣው አያውቅም። የሚያውቀው ሲኒው ውስጥ ያለውን ነው።

ለአንድ ጆንያ ቡና ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የሕዝብ ገንዘብ ለምናስረክበው ሰው ለምን አንጠነቀቅም? አሠልጣኝ ሲመጣ ግን የምንጠይቀው ምንድን ነው? «የየት አገር ልጅ ነው? ማን አመጣው? የማን ወገን ነው? ደላላው ማን ነው?» ይኼ ቀመሳ አይደለም፤ የጆንያውን ቀለም አይቶ ቡና መግዛት ነው!

አደራችሁን፣ ይቺን የ«የየት አገር ልጅ ነው» ነገር እንተዋት። 23 ጎል ያገባልን ልጅ ከናይጄሪያ ነው የመጣው፤ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ዋኝቶ አላደገም። ያኔ ማንም «ዘሩ ምንድን ነው?» ብሎ ጎሉን አልመለሰም። ይህ የሂርማታ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ከየአቅጣጫው የመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። እንግዳ የማያውቅ ጅማ ኖሮ አያውቅም። በዘርና በቋንቋ አሠልጣኝ የሚመርጥ ክለብ ሌላ ቦታ ካለ ይኑር፤ እዚህ ግን አያምርብንም።

ፈረንጅ ይምጣ የሚሉም አሉ፤ ፈረንጅ አይምጣ የሚሉም አሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስን እዩት። ሆላንዳዊው ማርት ኖይ በ2009 ዓ.ም. ክለቡን ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ አብቅቶታል። ከሱ በኋላ የመጡት ፈረንጆች ግን ዋንጫውን ማስጠበቅ አቅቷቸው እየተሸኙ፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ክለቡን ሻምፒዮን ያደረገው የአገር ልጁ ዘሪሁን ሸንገታ ነው። እንግዲህ ፓስፖርቱ ምን ሠራ? ምንም።

ስሙ የገነነ ይምጣ የሚሉትም ወደ ጀርመን ይመልከቱ። ባየር ሌቨርኩሰን በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኖ ሲንገዳገድ ዣቢ አሎንሶን ቀጠረ። አሎንሶ በተጫዋችነቱ ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ በአሠልጣኝነት ግን የሪያል ሶሲዳድን ሁለተኛ ቡድን ከማሠልጠን ያለፈ ትልቅ ታሪክ አልነበረውም። በ2023/24 ሌቨርኩሰንን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ የጀርመን ሻምፒዮን አደረገው። «ታዲያ ጀማሪ እንቅጠር» እያልኩ አይደለም። ሌቨርኩሰን ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ምን ዓይነት ኳስ እንደሚጫወት፣ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚገዛ የሚያውቅ ክለብ ነበር። ጥሩ ዘር ጥሩ መሬት ላይ ወደቀ። ጥሩ ዘር ድንጋይ ላይ ቢወድቅማ ወፍ ይለቅመዋል።

ምን ብለን እንጠይቀው?

እንግዲህ እኔ የማቀርበው ይህን ነው። መጀመሪያ ክለቡ ራሱ አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። ምን ያህል ገንዘብ አለን? የስንት ወር ደመወዝ ባንክ ውስጥ ተቀምጧል? በሁለት ዓመት የት መድረስ እንፈልጋለን? ስንት የአካባቢ ልጅ ማሳደግ እንፈልጋለን? ይህ ወረቀት ሳይጻፍ አሠልጣኝ መፈለግ፣ ሳይታጠቁ ሮጦ እየሮጡ መታጠቅ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለተኛ፣ መራጮቹ እነማን ይሁኑ? ከአስተዳደሩ አንድ ሰው ይኑር፤ በጀቱን ያስረዳል። የቀሩት ግን ኳስ የተጫወቱ፣ ያሠለጠኑ፣ ከደጋፊው የተወከሉና ሒሳብ የሚያውቁ ይሁኑ። የአመልካቾቹ ማኅደር መጀመሪያ ስሙ ተሸፍኖ፣ በኮድ ይታይ። እንደ ቡናው! ሥራው ይነበብ፤ ስሙ በኋላ ይገለጣል። «ኳስ ትንሽ አገር ናት፤ ማኅደሩ ሲነበብ ሰውየው ይታወቃል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ቢሆንም መራጩ ነጥቡን አስቀድሞ ጽፎ ከፈረመ በኋላ በስልክ ትእዛዝ መለወጥ ያፍራል።

ሦስተኛ፣ ለቀረቡት ሦስትና አራት ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች እንጠይቅ።

«በመጨረሻዎቹ ሦስት ክለቦችህ ስትገባ ቡድኑ ስንተኛ ነበር፣ ስትወጣስ? ምን ያህል በጀት ይዘህ?» ሀብታም ክለብ ይዞ ሦስተኛ የወጣና ደሃ ክለብ ይዞ ስምንተኛ የወጣ ሰው በደረጃ ብቻ አይወዳደሩም።

«እነዚህን የኛን ሁለት ጨዋታዎች በቪዲዮ እይና ማንን ታስቀራለህ፣ ማንን ታሰናብታለህ፣ ለምን?» እዚህ ላይ አፈኛውና ባለሙያው ይለያሉ። አፈኛው «ሁሉም ይውጡ፣ አዲስ አሥራ አምስት ተጫዋች አምጡልኝ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው አመስግናችሁ ሸኙት፤ ከኋላው ደላላ ቆሟል።

«ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጅማ ትምህርት ቤቶች በዓመት ስንት ልጅ ታያለህ? መቼ? ከማን ጋር?» ቀንና ቦታ ይንገረን። «ወጣቶች ላይ እሠራለሁ» ብቻ የሚል መልስ የካድሬ መልስ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ከባዱ ነው። «ደመወዝ ሦስት ወር ቢዘገይ ምን ታደርጋለህ?» ይህን የምጠይቀው እንዲዘገይ ፈልጌ አይደለም። ልጆቹ የቤት ኪራይ አለባቸው፤ እናት አለቻቸው። አሠልጣኙ ከልጆቹ ጋር ይቆማል ወይስ ቢሮ ገብቶ ይደበቃል? መልሱን ስሙት። የሰውየው ወርድና ቁመት የሚለካው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ስልክ አንሱ። ከዚህ በፊት ያሠለጠናቸውን ተጫዋቾች ጠይቁ፤ ኮከቦቹን ብቻ ሳይሆን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጣቸውንም። ተሰላፊው ሁልጊዜ አሠልጣኙን ያመሰግናል። ተቀያሪው «አላሰለፈኝም፤ ግን ሰው አድርጎኛል» ካለ፣ ያንን ሰው ያዙት!

እሱም ይቀምሰናል

አንድ የምንረሳው ነገር አለ። ጥሩ አሠልጣኝ እኛ ብቻ የምንመርጠው አይደለም፤ እሱም ይመርጠናል። ከመፈረሙ በፊት ወደ ቀድሞ ተጫዋቾቻችን ይደውላል። «እዚያ ደመወዝ ይከፈላል?» ይላል። «አሰላለፍ ላይ የሚገባ ሹም አለ?» ይላል። መልሱ ካልጣመው አይመጣም። ታዲያ ማን ይመጣል? ሌላ ቦታ ያልተፈለገው! ከዚያ «ጥሩ አሠልጣኝ ጠፋ» እንላለን። የጠፋው ጥሩ ቀጣሪ ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ። በዓመቱ መካከልና መጨረሻ ላይ በተጻፈ መመዘኛ ይገምገም፤ በሁለት ሽንፈትና በአንድ ስልክ አይባረር። ረዳቱን ራሱ ይምረጥ፤ አንድ ረዳት ግን የአካባቢ ልጅ ይሁንና ዕቅዱን፣ ልምምዱን፣ የተጫዋች መረጃውን እየጻፈ ለክለቡ ያስቀምጥ። አሠልጣኝ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዕውቀቱ ግን እዚህ ይቀራል። ያን ጊዜ ዋንጫ በሻንጣ አይሄድብንም።

ትዕግሥት ስል የምትስቁ አላችሁ። እዚህ መርካቶ ዲኤስቲቪ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሰለፉ የማንቸስተር ልጆች፣ እናንተን ነው የማየው! ፈርጉሰን በ1986 መጣ፤ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በ1990 ነው። የኛ ቦርድ ቢሆን ኖሮ በ1987 ሸኝቶት ነበር። እሱ በ2013 ጡረታ ሲወጣ ግን የስድስት ዓመት ውል የተሰጠው ሞይስ አንድ ዓመት ሳይሞላው ተባረረ፤ ከዚያ በኋላ ያ ትልቅ ክለብ ገንዘብ እያፈሰሰ አሠልጣኝ ሲለዋውጥ አየን። ገንዘብ ያለውም የቸኮለ እንደሆነ አፍሶ ይለቅማል።

ትዕግሥት ማለት ዝም ማለት አይደለም። ሥራውን የማይሠራ፣ ልምምድ ላይ የማይገኝ፣ ከደላላ ጋር የሚሞዳሞድ አሠልጣኝ ነገ ይሂድ። ልዩነቱ የሚሄድበት ምክንያት ተጽፎ፣ ተነግሮ፣ ሁላችንም አውቀነው መሆኑ ነው። በጨለማ የተቀጠረ በጨለማ ይባረራል።

ከናንተ የምፈልገው

ንግግሬን ልቋጭ። ከዚህ አዳራሽ «እገሌ ይምጣልን» የሚል ፊርማ አሰባስባችሁ እንዳትወጡ እለምናችኋለሁ። እገሌ ቢመጣ ቦርዱ ደስ ይለዋል፤ ሲሸነፍ «እናንተው ናችሁ የመረጣችሁት» ይላችኋል። ይልቅ ሦስት ነገር ብቻ ጽፋችሁ አስገቡ። አንድ፣ የክለቡ ገቢና ወጪ ለደጋፊው በይፋ ይነገር። ሁለት፣ ለአንድ ውድድር ዘመን የሚበቃ ደመወዝ ባንክ ሳይገባ ማንም ተጫዋችም ሆነ አሠልጣኝ አይፈርም። ሦስት፣ አሠልጣኙ የሚመረጥበት መመዘኛ ከመመረጡ በፊት ይታተም፤ የመረጡት ሰዎችም ስማቸው ይታወቅ።

«አይሰሙንም» ትሉኛላችሁ። ምናልባት አይሰሙም። ነገር ግን መዋጮ ሊጠይቁ ሲመጡ በር የምንከፍተው እኛ ነን። ያን ቀን ወረቀቱን አሳዩአቸው። «ገንዘቡ አለ፤ የዚህ መልስ የታለ?» በሏቸው። በሰላም፣ በትሕትና፣ ግን ሳትፈሩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እስከ ዛሬ አጥራችን የተነቀነቀው የክለቡ ባለቤቶች መሆናችንን ራሳችን ስለረሳን ነው።

ክለቡ የከንቲባ አይደለም፤ የቦርድ አይደለም፤ የአሠልጣኝም አይደለም። ትናንት በዝናብ ቆሞ የዘመረው፣ ነገም የሚቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ዳውላውን መደብደብ ትቶ አህያዋን በልጓም የያዘ ቀን፣ ትክክለኛው አሠልጣኝ ራሱ ፈልጎን ይመጣል።